የሱራያ የጀሶ ጥርስ

ታላቅ ወንድሜ ነዚፍ የልጄን የሱራያን ጥርስ ያቃናው እሱ እንደሆነ ያላወራለት የዲላ ሰው የለም። ስኳር ሊገዛ የገባ ሰምቶታል፤ ላምባ ሊገዛ የገባ ሰምቶታል። ታሪኩን ከእሱ አፍ የሰማ ሰው ልጅቷ አባት ያላት አይመስለውም። አባቷ እኔ ነኝ። ሽፋ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ያለችው የነዚፍ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ያስወጣኝ ራሱ ነዚፍ ነው፤ ሱቅ የሚጠብቅልኝ ሰው አጣሁ ብሎ። ጠበቅሁለት። ሱቁ በዕቃ ሲሞላና ለእኔ መቆሚያ ሲጠፋ ደግሞ በረንዳው ላይ ብርሃን አለ፣ ለስፌት ይመችሃል ብሎ ወደ ውጭ አወጣኝ። ብርሃኑ እውነት ነው። ዝናቡም እውነት ነው፤ የዲላ ዝናብ በጎን ነው የሚገባው።

ነገሩን እንደሆነው አድርጌ የምጽፈው ለዚህ ነው። የተሳሳትኩት ካለ የሚያውቅ ሰው ያርመኝ። ነዚፍ ግን አያርመኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከእኔ አፍ ነው። እኔ ገጣጣ ነኝ። የላይኛው የፊት ጥርሶቼ ወደ ውጭ ወጥተው ከንፈሬ አይከድናቸውም። ክር ለመበጠስ ይጠቅሙኛል፤ ሌላ ጥቅም የላቸውም። ልጆች ሳለን ነዚፍ «ገጣጣው» ይለኝ ነበር፤ ሰፈሩም ከእሱ ተቀበለ። ዛሬም ሱሪ የሚያሳጥር ሰው ልጁን የሚልከው «ገጣጣው ሰፊ ጋ ውሰድ» ብሎ ነው። ለራሴ ሲሆን ለምጄዋለሁ። ሱራያ የወተት ጥርሷን ጥላ አዲሱ ሲበቅል ግን የእኔ ጥርስ ሆኖ በቀለ። አንድ የኢድ ቀን፣ ዘመድ ሁሉ ነዚፍ ቤት ተሰብስቦ ልጆች በተራ እጁን ሲስሙ የእሷ ተራ ደረሰ። «ሱራያ፣ ጥርስሽ ቀድሞሽ ሰላም አለኝ» አላት። ቤት ሙሉ ሰው ሳቀ። ልጅቷ ዞራ እኔን አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትስቅም ስታወራም ሻሿን ወደ አፏ ሳብ ታደርጋለች። አስተማሪ ሲጠይቃት እንኳን በሻሽ ውስጥ ነበር የምትመልሰው።

የአጎታችን ልጅ ሰይድ አዲስ አበባ፣ አንድ የጥርስ ሕክምና ቦታ በር ላይ ጥበቃ ነው። አንድ የኩባ ሐኪም ተማሪዎች ሊያስተምር እንደመጣና እንዲህ ያለ ጥርስ ያላቸውን ልጆች በነፃ እንደሚያቃና የነገረኝ እሱ ነው። የነገረው ለእኔ ነው፤ ለነዚፍ አይደለም። ሱራያን የወሰዳት ግን የነዚፍ የጭነት መኪና ነበርና ታሪኩ ከዚያች ቀን ጀምሮ የነዚፍ ሆነ። ልጅቷ ሰይድ ቤት ተቀምጣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን እዚያው ተማረች። ጥርሶቿ ላይ ብረት ተለጠፈ፤ ብረቱ በሽቦ ተያያዘ፤ ሽቦው በየወሩ እየጠበቀ ጥርሶቹን ወደ ውስጥ ሳባቸው። ብረቱ ተነቅሎ ስትመለስ ጥርሷ ቀጥ ብሏል። ፊቷን ሳየው ከእኔ የወሰደችው ነገር ጎድሎ አገኘሁት። ደስ አለኝ። ለሰው ግን አልተናገርኩም፤ ነዚፍ አጠገቤ ቆሞ እየተናገረልኝ ነበር።

ሐኪሙ ብረቱን ሲነቅልላት ሁለት ነገር ሰጥቷት ነበር። አንደኛው ማቆያው ነው። ላንቃዋ ላይ የሚቀመጥ፣ እንደ ድድ ሮዝ የሆነ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ከፊት በኩል ጥርሶቹን አቅፎ የሚይዝ ሽቦ አለው። የተቃና ጥርስ ወዲያው አይረጋም፤ አጥንቱ እስኪጠነክር ድረስ ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ይፈልጋል ብሏታል። ስለዚህ ቀንም ማታም ታደርገዋለች፤ የምታወልቀው ስትበላ ብቻ ነው። ሁለተኛው የጀሶ ጥርስ ነው። ሊጥ የመሰለ ነገር አስነክሷት፣ የንክሻው ጉድጓድ ውስጥ ጀሶ አፍስሶ፣ የተቃናውን የላይኛውን ጥርሷን እንዳለ ቀድቶላታል። ማቆያው ቢጠፋ ወይ ቢሰበር በዚህ ጀሶ ላይ ሌላ ይሠራልሻል፤ እኔ ወደ አገሬ ስለምመለስ አንቺው ዘንድ ይቀመጥ አላት።

ዕቃዋ በነዚፍ መኪና መጣ። የነዚፍ መኪና የሚራገፈው ነዚፍ ግቢ ነው፤ ሳጥኗም የተከፈተው እዚያ ነው። እኛ ቤት ሲደርስ ልብሷ አለ፤ ደብተሮቿ አሉ፤ የጀሶው ጥርስ የለም። ሱራያ ሳጥኑን ደጋግማ ገለበጠች። እኔ ግን የት እንደገባ ወዲያው ገብቶኛል። ቆሻሻ መስሏቸው ጥለውታል። ከእኛ ቤት የሆነ ነገር ሁሉ ለእነሱ ቆሻሻ ነው። ሄጄ አልጠየቅሁም። ከሌሎቹ ነገሮቹ ጋር በሆዴ አስቀመጥኩት። ማቆያው አፏ ውስጥ ስለነበር ደግሞ ለጊዜው የቸገረን ነገር አልነበረም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምህረት፣ ኅዳር ላይ፣ ቡናው በአንድ ጊዜ ቀላና ተማሪዎች ለለቀማ ዘመቻ ታዘዙ። የዲላዎቹ በጭነት መኪና ኮንጋ ተወስደው በየገበሬው ማሳ ተከፋፈሉ። ሱራያና ጓደኞቿ ጴጥሮስ የሚባል ገበሬ ደረሳቸው። እስከ ቀትር ለቅመው፣ የጴጥሮስ ሚስት ቆጮና ጎመን በኮባ ቅጠል ላይ ዘርግታ ምሳ አቀረበችላቸው። ሱራያ ማቆያውን ማውለቅ አለባት። በሰው ፊት ከአፏ ፕላስቲክ ማውጣት ታፍራለች፤ ጓደኞቿም «ላንቃሽን አውልቀሽ ብይ» እያሉ ይቀልዱባታል። ፊቷን አዙራ አወለቀችው፤ ከኮባው ጫፍ ቀደድ አድርጋ ጠቀለለችው፤ ጥቅሉን ከገበታው ዳር አጠገቧ አስቀመጠችው።

ጌዴኦ ቤት ኮባው ገበታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሰው በልቶ ሲነሳ ቅጠሉ ከነትራፊው ተጠቅልሎ ለላም ይሰጣል፤ የሚጣል ነገር የለም። የጴጥሮስ ሚስትም በየቀኑ የምታደርገውን አደረገች። ትልቁን ቅጠል ጠቀለለች፤ ትንሿንም ጥቅል አብራ አነሳች። ሱራያ እጇን ታጥባ ስትመለስ መሬቱ ተጠርጓል፤ ላሟ በረት ውስጥ ታኝካለች። የሆነውን ስትነግራቸው ሴትየዋ እጇን ላሟ አፍ ውስጥ እስከ አንጓዋ ከታ ፈለገች። ያገኘችው የተላመጠ ቅጠል ብቻ ነው።

ልጅቷ ከዘመቻው ስትመለስ ሻሹ አፏ ላይ ነበር። የሆነውን ለእናቷ ለመሪማ ነገረቻት፤ መሪማ ለእኔ ነገረችኝ። እኔ የተናደድኩት በጴጥሮስ ሚስት ነው። ያላየኋትን ሴት ስረግም ዋልኩ።

በገበያ ቀን አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው በረንዳዬ ላይ መጥቶ ቆመና የሱራያ አባት አንተ ነህ ወይ አለኝ። ጴጥሮስ ነበር። ከኮንጋ እስከ ይርጋጨፌ በእግሩ፣ ከዚያ በመኪና ነው የመጣው። ከጋቢው ውስጥ በኮባ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ የስፌት መኪናዬ ላይ ፈታው። የተጣመመ ሽቦና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሮዝ ፕላስቲክ ነበረች። ታጥባ ነጽታለች።

«ላሙን ለብቻ አሰርኩ» አለ። «እበቱን እያየሁ ጠበቅሁ። ይሄ ወጣ። እኔ አጠብኩ፣ ሚስቴም ደግሞ አጠበ።»

ሽቦውን አንስቼ አገላበጥኩት።

«ልጅቱ አለቀሰ» አለ። «ሚስቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ቅጠል ሳይፈትሽ ለላም አይሰጥም። ይሄ ይጠገናል?»

ሽቦው የሽቦነት መልክ እንኳን አልቀረለትም። አይጠገንም አልኩት። ያዘጋጀሁትን ንዴት የት እንደማደርገው ግን ቸገረኝ፤ ሰውየው ይህን ሁሉ መንገድ እበት ፈልጎ ነው የመጣው። ከጋቢው ሥር የለበሰው ኮት ትከሻው ላይ ተተርትሮ አየሁ። አውልቀው አልኩና እያወራን ሰፋሁለት። ሲሄድ ላሙ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም ብሎኝ ሄደ። ስለ ላሟ ሳልጠይቅ መቅረቴ ነው ለካ።

ቴሌ ሄጄ ለሰይድ ስልክ አስደወልኩ። ሐኪሙ ወደ አገሩ ተመልሷል። ማቆያውን በእጁ ይሠራ የነበረው ሠራተኛ ግን እዚያው አለ፤ ሰይድ እሱን ጠይቆ መልሱን በማግስቱ ነገረኝ። ጀሶው ካለ ልጅቷ መምጣት አያስፈልጋትም፤ በእሱ ላይ ይሠራል። ጀሶው ከሌለ አዲስ ልክ ከአፏ መወሰድ አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማቆያው የሚይዘው ጥርሶቹን ሸሽተው በደረሱበት ነው፤ የሚመልስ ሐኪም የለም። ሁለቱም ቢሆን ቶሎ ይሁን ብሏል። ብዙ ከራቁ ጀሶውም አይመልሳቸውም።

ጥርሶቹ መሸሽ ጀምረው ነበር። ሱራያ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ክር ትወስዳለች። በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መካከል ታስገባዋለች። ብረቱ የተነቀለ ሰሞን ክሩ እዚያ ገብቶ ይቀረቀር ነበር፤ ስባ ማውጣት ነበረባት። አሁን ያለምንም መያዝ ወዲያና ወዲህ ያልፋል። ክሩን መልሳ ማጠንጠኛው ላይ ጠቅልላ ታስቀምጥልኛለች። የቀኙ የፊት ጥርሷ ደግሞ ወደ ፊት ጠጋ ማለቱን እኔም ያለ ክር አየሁት። ማን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ድሬሰሩን፣ ቁስል የሚያክመውን ሰው፣ አማከርኩት። ጥርስ መንቀል ከሆነ ዛሬውኑ እነቅላለሁ፣ ማቆየት ግን አላውቅም አለኝ። ተመልሼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። መሪማ ምሳ ይዛልኝ መጣችና ከጎኔ ቆመች።

«ነዚፍን ጠይቀው» አለችኝ።

«ጥሎታል።»

«መጣሉን ማን ነገረህ?»

«የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። እሱን አውቀዋለሁ።»

«የሱራያ አባት» አለች፤ ስትቆጣ ነው እንዲህ የምትለኝ፤ «ኩርፊያው ያንተ ነው፤ ጥርሱ የእሷ ነው። ያንተ ኩርፊያ እስኪያልቅ ጥርሷ ቆሞ አይጠብቃትም።»

የሱቁ በር ከጀርባዬ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ከነዚፍ ጋር ከሰላምታ በቀር ካልተነጋገርን ብዙ ጊዜያችን ነበር። ጠዋት ሲከፍት ሰላም አለይኩም ይለኛል፤ እመልሳለሁ፤ ማታ ሲዘጋ እንደዚያው። መኪናዬ ላይ ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ፤ የልጄን ጥርስ እንዴት እንዳቃና ለሰው ሲያወራ ጭምር። ያን ሰሞን እንኳን ያወራው ነበር። ማቆያው መጥፋቱን አልሰማም፤ እኔ አልነገርኩትማ።

በማግስቱ ሱራያ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ ጋ ቆም አለች። ክሩን የምትጠይቀኝ መስሎኝ እጄን ስዘረጋ አልፋኝ ወደ ሱቁ ገባች። መኪናዬን መርገጥ አቆምኩ።

«አጎቴ» ስትል ሰማሁ፤ «የጀሶ ጥርሴን የት አደረጉት?»

ነዚፍ ስኳር እየመዘነ ነበር። ሚዛኑን ሲያስቀምጠው ሰማሁ። «ቀብሬዋለሁ» አለ። «ለምን ፈለግሽው?»

ነገረችው። ቆይቶ ዶማ ይዞ ወጣ፤ ሱቁን እንኳን አልዘጋም። እሷ ተከተለችው፤ እኔም ተነሳሁ። የሱቁን ጀርባ ዞረን ወደ ድሮው የእናታችን ጓሮ ገባን። እዚያ ያረጀ የቡና ግንድ አለ። ነዚፍ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ መሬቱን በእጁ ዳበስ አደረገና መቆፈር ጀመረ። እየቆፈረ ነው የተናገረው፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ከሰው አካል የተለየ ነገር ሜዳ ላይ አይጣልም» አለ። «ጸጉር ይቀበራል፤ ጥፍር ይቀበራል፤ ጥርስ ይቀበራል። እማዬ የእኔንም የአንተንም እዚህ ነው የቀበረችው፤ ረስተኸዋል? ሳጥኑን ሲከፍቱ የልጅቷን ጥርስ ከነድዱ አየሁት። ልጆች እየተቀባበሉ ሊጫወቱበት ነበር። ምን ላደርገው ነበር?»

«ጀሶ እኮ ነው» አልኩት።

«ጥርሷ ነው የሚመስለው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለ። «ጀሶ ጠፋብን ያለኝ ሰው የለም። አንተ እኔን አንድ ነገር ከጠየቅከኝ ስንት ዘመንህ ነው?»

ይህን ሲል ዶማው ቆርቆሮ መታ። የወተት ዱቄት ጣሳ ነበር፤ ከነክዳኑ። ዝናቡ ጣሳውን አዝጎታል እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም ነበር። ዶማው ግን ጎኑን አጎድጉዶታል። ሱራያ ተቀብላው ክዳኑን በጥፍሯ ፈልቅቃ ከፈተችው። ውስጡ በአቡጀዲ የተጠቀለለ ነገር አለ። አቡጀዲውን አወቅሁት። ከእኔ ጠረጴዛ ሥር የተለቀመ ቁራጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ የእኔ የልክ ጠመኔ ምልክት አለ። ሬሳ እንደሚገነዝ ሰው ሦስት ቦታ አስሮታል። ስትፈታው የጀሶው ጥርስ እንደነበረ ወጣ። አንዱ ብቻ፣ የቀኙ የፊት ጥርስ፣ ጫፉ ተሸርፎ ፍርፋሪው አቡጀዲው ላይ ቀርቷል። የአሁን ስብራት ነው፤ ውስጡ ነጭ ነው።

ነዚፍ ዶማውን አየ። ከዚያ ልጅቷን አየ። እሷ ፍርፋሪውን ለቅማ ጣሳው ውስጥ መለሰች፤ ይሄ ይበቃናል፣ ዋናው አለ አለችው። ስታወራ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

መኪናው በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ስለነበር እኔ ጣሳውን ይዤ እንድሄድ ሆነ። ሱራያ ትምህርት አለባት፤ ለእሷም መሸኛ ማውጣት ሌላ ጣጣ ነው። ለእኔ ቀበሌው መሸኛ ሲጽፍልኝ ጸሐፊው የጉዞህ ምክንያት ምንድን ነው አለኝ፤ ጥርስ አልኩት፤ አፌን አየት አደረገና ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ማህተሙን መታ። ነዚፍም ለራሱ ጉዳይ ይሄዳል። ሹፌሩ፣ እሱና እኔ ጋቢና ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀመጥን፤ እኔ በመስኮቱ በኩል፣ ጣሳው ጭኔ ላይ። እስከ ኬላው ድረስ ከሹፌሩ በቀር የተናገረ የለም፤ እሱም ስለ ጎማ ነው።

ኬላው የቡና ኬላ ነው። ያን ጊዜ ቡና ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአውራጃው አይወጣም፤ ፈታሾቹ ፍራሽ ይቀዳሉ፤ የሕፃን መንተራሻ ይፈታሉ፤ ጣሳ ካዩማ አይምሩም። ጴጥሮስ የሰጠኝን ዓይነት ኮባ እንኳን ፈተው ያያሉ። አንድ ጠብመንጃ ያነገተ ፈታሽ የእኔን በር ከፍቶ ጣሳውን ወሰደ። ነቀነቀው፤ ተንኳኳ። ክዳኑን አነሳ፤ አቡጀዲውን ፈታ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«የማን ነው ይሄ?» አለ። ሌላኛውም ፈታሽ መጣ።

እንዲህ ባለ ቦታ የሚናገረው ነዚፍ ነው። የእሱ መኪና ነው፤ ከባለሥልጣን ጋር ማውራት ይችልበታል፤ ይህን ታሪክ ደግሞ ሳይጠየቅም ያወራዋል። አፉን ሲከፍት አየሁትና፣ የኩባው ሐኪም፣ እኔ ያስወሰድኳት፣ እኔ ያቃናሁላት የሚለው ሊጀመር ነው ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«የልጁ ጥርስ ነው» አለ። «አባቷ እሱ ነው፤ እሱን ጠይቁት።»

ፈታሾቹ ወደ እኔ ዞሩ። ወረድኩ። የላይ ከንፈሬን በጣቴ ወደ ላይ ሳብ አድርጌ ጥርሴን እስከ ድዴ አሳየኋቸው።

«ይሄ የእኔ ነው» አልኩ። «የልጄም እንዲህ ነበር። ያ የያዝከው ከተቃና በኋላ ያለው ነው። ተመልሶ ወደዚህ እንዳይመጣ ነው የምንሄደው።»

ፈታሹ አፌን አየ፤ ጀሶውን አየ፤ እንደገና አፌን አየ። አልሳቀም። ሰው አፌን አይቶ ሳይስቅ ሲቀር ልብ እላለሁ።

«ይቺ የተሰበረችውስ?» አለኝ።

«እሷን ወንድሜ ነው በዶማ የመታት።»

ነዚፍ ጋቢና ውስጥ መስኮቱን ያጸዳ ጀመር። ፈታሹ ጀሶውን አቡጀዲው ላይ መለሰ፤ ሦስቱንም ቦታ እንደነበረው አሰረ፤ ክዳኑን ገጥሞ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ጥርስ ነው፣ ይለፉ» ብሎ ለወዲያኛው ጮኸ። ገመዱ ወረደልን።

ሠራተኛው ዘንድ ሰይድ ይዞኝ ገባ። ከእኔ የማይሻል፣ እሱም እጁ በሥራ የቆሸሸ ሰው ነው። ጀሶውን በብርሃን አገላብጦ አየና የት ቆይቶ ነው አለኝ። ተቀብሮ ነበር አልኩት። ከዕቃ ሥር ተቀብሮ ማለቴ መሰለው፤ እኔም አላስረዳሁትም። የተሸረፈችዋን ጥርስ በሰም ሞላትና በጎረቤቷ ልክ ቀረጻት። ሌሎቹ ልክ ይሆናሉ፣ ይቺን ግን በግምት ነው የሠራኋት፣ ለእሷ ዋስ አልሆንም አለኝ። ሽቦውን እያጠፈ ጀሶው ላይ ሲገጥም አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ልብስ ስትሰፋ ልኩን የሰጠህ ሰው ከወፈረ ልብሱ ይጠብቀዋል፤ ይሄም እንደዚያው ነው አለኝ። ጥርሶቿ ትንሽ ስለሸሹ ሲገባ ይጠብቃታል፣ ያማታል፣ እንዳታወልቀው ንገራት። ጥርሶቹ ቀስ በቀስ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ብዙ ሳይርቁ ነው የመጣኸው።

ስመለስ ቤት ገብቼ ለሱራያ ሰጠኋት። ጓዳ ገብታ አደረገችው። ስትወጣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እናቷ አውልቂው እስኪለመድ ብላት ነበር፤ ራሷን ነቀነቀች። ሾርባ እየጠጣች ከረመች። ለጥቂት ጊዜ ክሬን የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ አንድ ጠዋት መጥታ እጇን ዘረጋች። ክሩን ሰጠኋት። በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መካከል አስገባችው፤ ተቀረቀረ። ስትስበው በጠሰችው። የቀኟ የፊት ጥርስ፣ ነዚፍ በዶማ የመታት፣ እሷ ብቻ ወደ ጎን ትንሽ ዘመም ብላ ቀረች። ሳታውቃት ካየሃት አታስተውላትም። እኔ ሰፊ ነኝ፤ የዘመመ ነገር ሁሉ ይታየኛል።

ከዚያ በኋላ ከአቡጀዲው ቁራጭ ትንሽ ኪስ ሰፋሁላት። አፉ በክር ይዘጋል፤ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ስትበላ ማቆያው እዚያ ይገባል፤ ገበታ ዳር የሚቀመጥ ነገር የለም። ለጴጥሮስም በገበያ ቀን ሲመጣ አሳየሁት። ሚስቴ ይህን ቢያይ ደስ ይለዋል አለ።

የኢድ ቀን እንደ ልማዱ ነዚፍ ቤት ተሰበሰብን። እኔ ብዙ ኢድ በር አካባቢ ነው የምቀመጠው፤ ያን ቀንም እዚያው ተቀመጥኩ። ገበታ ከመቅረቡ በፊት አንድ ከአዋሳ የመጣ እንግዳ የሱራያን ፊት አይቶ ጥርሷ አማረ አለ። ነዚፍ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ኩባዊውን ጀመረ፤ መኪናውን ጨመረ፤ ዶማውን ግን ዘለለው፤ ኬላውንም ዘለለው። እኔ እጄን እያየሁ አዳመጥኩ። ሱራያ የብረት ማንቆርቆሪያ ይዛ እንግዶችን እያስታጠበች ነበር። ነዚፍ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አጎቴ፣ ይቺንም ይንገሯቸው እንጂ» አለችና ከንፈሯን ገልጣ የዘመመችዋን ጥርስ በጣቷ ነካቻት። «ሐኪሙ አቅንቷት ነበር። በዶማ ያጣመሟት እርስዎ ነዎት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እንግዳው እስኪያነቀው ሳቀ። ነዚፍም ሳቀ። ሲስቅ ግን እጁን አንስቶ አፉ ላይ አደረገ፤ ያን ያህል ዘመን አብረን ኖረን እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ገበታው ቀረበ። ሱራያ ከእኔ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ፊቷን አላዞረችም። ሰው ሁሉ እያያት ማቆያውን ከአፏ አወጣች፤ አንገቷ ላይ ያለው ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ክሩን ሳበችና ቢስሚላህ ብላ ቆረሰች።